ዜሮው የጠፋበት የጠብመንጃ መነጽር፤ ጥፋቱ የት እንዳለ እንዴት ይገኛል?

የዛሬው ጽሑፌ ፖለቲካም ታሪክም አይደለም፤ ስለ አንድ ብሎን ነው። እዚህ ኮሎራዶ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ጥቂቶቻችን ጥቅምት ሲገባ ጠብመንጃ ወልውለን ተራራ እንወጣለን። በስዊድን ወይም በጀርመን የአደን ፈተናውን አልፋችሁ ጫካ የምትገቡ ብትኖሩም ጉዳዩ ያው ነው። «መነጽሩ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ግን ጥይቱን ወዲያ ይወስደዋል» የሚለውን ስሞታ ያልሰማ አዳኝ የለም። ይህ ሲገጥመው አብዛኛው ሰው ወይ መነጽሩን ይለውጣል፣ ወይ ማስተካከያውን ያሽከረክራል። እኔም ያደረግሁት ሁለተኛውን ነው፤ ስህተት ነበር። ሙያዬ ምሕንድስና ስለሆነ ስህተቴ ከነከነኝና ከሥራ በኋላ ባሉት ምሽቶች ቁጭ ብዬ ነገሩን በቅደም ተከተል አሰናዳሁት።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ወጣን። በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የእኔ ጠብመንጃ «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው (አሜሪካኖች በ1906 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት ጥይት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው)። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን 170 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ቆመልኝ። ጠብመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፌ መስቀሉን ከትከሻው ኋላ፣ ሳንባው ላይ አሳረፍኩና ምላጩን ሳብኩ። አጋዘኑ አልወደቀም። ጀርባውን ቆልመም አድርጎ፣ ቀስ እያለ ዛፍ ውስጥ ገባ። ሆዱን የተመታ እንስሳ አካሄድ ነው። ጋሼ በአጉሊ መነጽራቸው ሲያዩ ቆይተው፣ «መታኸው፤ ግን አላገኘኸውም» አሉኝ።

አራት ሰዓት ያህል ደሙን ተከተልን። ቶሎ ብንከተለው እየሸሸ ይርቃል፤ ብንዘገይ ደግሞ ይመሻል። ጋሼ በየመሐሉ ሰማዩን ያያሉ። ሳይሞት ካልደረሱበትና ስመ ሥላሴ ጠርተው ቢላዋ ካላሳረፉበት ለእሳቸው በክት ነው፤ አይቀምሱትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገኘነውና ከሃያ እርምጃ ላይ ጨረስኩት። ሥጋው ተረፈ። እንስሳው ግን በእኔ ዕቃ ጥፋት ግማሽ ቀን ተሠቃየ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም።

ማታ እሳት ዳር ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እጅህ ነው ወይስ ዕቃው?» መልስ አልነበረኝም። የምርመራው ሁሉ መነሻ ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ዜሮ ማለት ምንድን ነው? ዓይናችን በመነጽሩ ውስጥ የሚያይበት መስመር ቀጥ ያለ ነው። ጥይት ግን ከአፈሙዝ ከወጣ ጀምሮ ስበት ወደ ታች ስለሚጎትተው የሚሄደው ታጥፎ ነው። መነጽሩ ደግሞ ከበርሜሉ በላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ዜሮ ማድረግ ማለት እነዚህ ሁለት መስመሮች በምንመርጠው ርቀት (ብዙ ጊዜ 100 ሜትር ወይም 100 ያርድ) ላይ እንዲገናኙ ማስተካከል ነው። ስለዚህ «ዜሮው ጠፋ» ስንል የሁለቱ መስመሮች ግንኙነት ተለወጠ ማለታችን እንጂ መነጽሩ ተበላሸ ማለታችን አይደለም። በመነጽሩና በጥይቱ መካከል ቀለበቱ፣ መቀመጫው፣ ብሎኖቹ፣ የብረቱ አካልና እንጨቱ (ወይም ፕላስቲኩ)፣ በርሜሉ፣ ጥይቱ ራሱ፣ በመጨረሻም ተኳሹ አሉ። መነጽሩ ከስምንቱ አንዱ ነው። ብቻውን የሚከሰሰው ዋጋው ውድ ስለሆነና ከላይ ጉብ ብሎ ስለሚታይ ይመስለኛል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መነጽሩን የሚይዙት የፊትና የኋላ ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛው ቀለበት በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ማለትም በአንድ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት፣ ቢንቀሳቀስ 0.1 ለ130 ሲካፈል፣ በ100 ሜትር ላይ 7.7 ሴንቲ ሜትር ስህተት ይሆናል። በ200 ሜትር ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ዓይን ሊያየው የማይችል እንቅስቃሴ የአጋዘንን ሳንባ ስቶ ሆዱ ውስጥ ይገባል። «ሁሉንም ነካክቼ አይቻለሁ፤ ምንም የላላ ነገር የለም» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነካክቶ ማየት 0.1 ሚሊ ሜትርን አያሳይም።

ስለ መለኪያውም አንድ ቃል። የአሜሪካ መነጽሮች ብዙውን ጊዜ በማዕዘን ደቂቃ ይለካሉ፤ ይህም የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ሲሆን በ100 ያርድ ላይ 1.047 ኢንች፣ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ነው። የማስተካከያው አንድ «ጠቅታ» ሩብ ደቂቃ ከሆነ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋል ማለት ነው። በሚል የሚለካው ዓይነት ደግሞ አንዱ ጠቅታ 0.1 ሚል፣ በ100 ሜትር ላይ ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትር ለለመድን ለእኛ ሁለተኛው ይቀልላል።

የአደኑ ማግስት ተኩስ ሜዳ ሄጄ በ100 ሜትር አምስት ጥይት ተኮስኩ። አምስቱም አንድ ቡጢ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ከመሐል 11 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። በ170 ሜትር ላይ 19 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ማለት ነው፤ ፊቱን ወደ ግራ ያዞረ እንስሳ ላይ ደግሞ ቀኝ ማለት ወደ ሆዱ ነው። ምክንያቱ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝና ማስተካከያውን አሽከርክሬ ወደ መሐል መለስኩት። በሳምንቱ ቅዳሜ ብመለስ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ሄዷል። እንደገና አስተካከልኩ፤ እንደገና ሄደ። አርባ ጥይት አቃጥዬ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምክንያቱን ሳያውቁ ማስተካከያውን መንካት ማስረጃ ማጥፋት ነው። እናንተም ዜሮው የጠፋ ሲመስላችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ከማስተካከያው ላይ አንሡ። የቆመበትን ቁጥር ጻፉ፤ የተኮሳችሁበትን ወረቀትም ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት።

ያ ወረቀት ብዙ ይናገራል። ጥይቶቹ እንደ እኔ አንድ ላይ ተሰብስበው፣ ነገር ግን ከመሐል ርቀው ከሆነ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ባለበት ረግቷል ማለት ነው፦ ጠብመንጃው ወድቋል፣ መኪና ውስጥ ተጋጭቷል፣ ሰው ማስተካከያውን ነክቷል፣ ወይም የጥይቱ ዓይነት ተለውጧል። ድሮ ይሰበሰቡ የነበሩት ዛሬ ከተበታተኑ ደግሞ በየተኩሱ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ የላላ ብሎን፣ በመነጽሩ ሆድ ውስጥ የደከመ ምንጭ፣ ወይም የተጎዳ የአፈሙዝ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ተኳሹ ራሱም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመው በመስመር የሚጓዘው ነው። የመጀመሪያው መሐል፣ ሁለተኛው ትንሽ ከፍ፣ ሦስተኛው ከዚያ በላይ እያለ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ጠብመንጃውን ሃያ ደቂቃ አቀዝቅዙና እንደገና አንድ ተኩሱ። ወደ መጀመሪያው ቦታ ከተመለሰ ምክንያቱ የበርሜሉ ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ የሚነካው ነገር አለ። ካልተመለሰ የላላ ነገር አለ። ጥይቶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ሁለት ጎጆ ከሠሩ ደግሞ አንድ ክፍል በሁለት ማረፊያዎች መካከል እየተመላለሰ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አቀማመጥ፣ ወይም የመነጽሩ የውስጥ ቱቦ ነው።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ግን ሦስት ጥይት አይበቃም። የጠብመንጃችሁ ተፈጥሯዊ መበተን በአንድ አቅጣጫ 1.2 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የሦስት ጥይት አማካይ ራሱ በ0.7 ሴንቲ ሜትር ይዋልላል፤ የአሥር ጥይት አማካይ ግን በ0.4 ያህል ብቻ። ሦስት ተኩሶ «ሁለት ጠቅታ ወደ ግራ» የሚል ሰው ነፋስ እያባረረ ነው። አምስት ይበቃል፤ አሥር ይሻላል። ጥይት ውድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

ቀጥሎ የጋሼ ጥያቄ ይመጣል፤ እጅ ነው ወይስ ዕቃ? ይህን ለመለየት ብልሃቱ ቀላል ነው። ጋሼ አንድ ቀን አብረውኝ መጡና «ስጠኝ፤ እኔ ላጉርስልህ» አሉ። ሳላይ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ያስገባሉ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ጠብመንጃው «ቀጭ» አለ፤ አፈሙዙም ተኩስ ሳይኖር ወደ ታች ሰገደ! ድምፁንና ግፊቱን ፈርቼ ቀድሜ እየተዘጋጀሁ ኖሯል። ጋሼ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ዘመናዊ መነጽር ገዝቼ እንደ አዲስ ምልምል መንበርከኬ ገረማቸው፤ «እኛ ያለ መነጽር ነበር አልሞ ተኳሽ የምንባለው» ሲሉ አመሹ። ከዚያ በራሳቸው እጅ አምስት ተኮሱ። የእሳቸው ከእኔ የጠበበ ነበር፤ ነገር ግን ያረፈው እዚያው፣ የእኔ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ እጄ ጥፋት ቢኖረውም የዚህኛው ጥፋት ባለቤት አይደለም። ሌላ ደህና ተኳሽ እንዲተኩስላችሁ ማድረግ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ርካሽ ፈተና ነው።

ጥይቱንም ተመልከቱ። 150 ግሬን (9.7 ግራም) የሚመዝነውና 180 ግሬን (11.7 ግራም) የሚመዝነው ጥይት ከአንድ ጠብመንጃ ወጥተው አንድ ቦታ አያርፉም፤ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ሊሆን ይችላል፣ ወደ ጎንም ጭምር። ካርቶኑ አንድ ዓይነት ሆኖ የተመረተበት ተራ ቁጥር ሲለያይም ለውጥ ሊታይ ይችላል። በርሜሉ በዘይት ተወልውሎ ሳይደርቅ የተተኮሰ የመጀመሪያ ጥይትም አይታመንም። ንፋስን በ100 ሜትር ላይ ማጋነን አያስፈልግም፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ የተለመደ የአደን ጥይትን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚገፋው። ከዴንቨር ተነሥቶ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ መውጣትም፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ዜሮ አያጠፋም፤ የአየሩ መሳሳት በ100 ሜትር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ከፍታው የሚያጠፋው መንገዱ ነው። ሦስት ሰዓት በድንጋያማ መንገድ የሚንቀጠቀጥ መኪና ማንኛውንም ያልጠበቀ ብሎን ይፈታል።

አሁን ወደ ብሎኖቹ እንምጣ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነውና ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ጎሬው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ መቀባበያውን መዝዛችሁ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጉት። በተተኮሰ ቁጥር ጠብመንጃው ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝነው መነጽር ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ጎትቶ የሚወስደው የቀለበቱ መጨበጥ ብቻ ነው። መያዣው ከላላ መነጽሩ በቀለበቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ይህን ለማወቅ ከቀለበቱ ፊት ቱቦው ላይ ቀለበቱን አስጠግታችሁ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሩ፤ ከአሥር ተኩስ በኋላ በመስመሩና በቀለበቱ መካከል ክፍተት ካያችሁ ነገሩ አለቀ። (በምንጭ የሚሠራ የአየር ጠብመንጃ ያላችሁ ይህን አትናቁ። የእሱ ምንጭ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ስለሚመታ ለትልቅ ጠብመንጃ የተሠራ መነጽርን እንኳ ይሰብራል።)

የቀለበቶቹ የላይ ብሎኖች በእጅ ግምት የሚጠብቁ አይደሉም። ብዙ አምራቾች ከ15 እስከ 20 ኢንች-ፓውንድ ይላሉ፤ ይህም ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ነው። በትንሹ የቶርክ ቁልፍ የሚለካ እንጂ የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ከመላላት አይተናነስም፤ ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ተንቀሳቃሽ ቱቦም ይታነቃል። ከዚያ ማስተካከያውን ስታዞሩ አይሄድም፤ ስትተኩሱ ግን በድንገት ይሄዳል። «መነጽሩ አበደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ከቀለበቱ ሥር መቀመጫው አለ፤ መቀመጫውን ከጠብመንጃው አካል ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ ብሎኖች 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ናቸው። እነዚህን ለማየት መነጽሩን ማውረድ ስለሚያስፈልግ ሰው አያያቸውም። እኔም አላየኋቸውም ነበር። የላዮቹን በቁልፍ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው። ጋሼ ናቸው «በዓይንህ ካላየኸው በጣትህ ስማው» ያሉኝ። አንዱን ጣቴን መቀመጫውና ብረቱ በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ አሳርፌ፣ በሌላው እጄ የመነጽሩን ፊት ወደ ጎን ገፋ፣ መለስ ሳደርገው ከጣቴ ሥር አንድ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ተሰማኝ። የፊተኛው መቀመጫ ይነቃነቃል!

አወረድኩት። ብሎኖቹ ግን ለመፈታት እጅግ ያስቸገሩ፣ ጥብቅ የነበሩ ናቸው። እንዴት ሆኖ ጥብቅ ብሎን የላላ መቀመጫ ይይዛል? መልሱ የብሎኑ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጫፉ ተፍቆ ያብረቀርቃል። በብዙ ጠብመንጃዎች ላይ ከፊት ያለው ቀዳዳ ከሥሩ የበርሜሉ ጥርስ አለበት፤ ስለዚህ እዚያ የሚገባው ብሎን አጭር መሆን አለበት። በካሊፐር ብለካው የፊቱ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የገጠመው ሱቅ (ስሙን አልጠራም) የፊቱንና የኋላውን አለዋውጦ ኖሯል። ረጅሙ ብሎን መቀመጫውን ከመጫኑ በፊት ጫፉ በርሜሉን ይነካና ይቆማል። ቁልፉ «ጠበቀ» ይላል፤ የጠበቀው ግን ብሎኑ ከበርሜሉ ጋር እንጂ መቀመጫው ከብረቱ ጋር አይደለም። ሁለት ዓመት የያዘውም ከሥሩ የነበረው ዘይት ደርቆ ስላጣበቀው ይመስለኛል፤ አንድ ቀን መኪና ላይ ተንቀጠቀጠና ለቀቀ።

ይህን ለመፈተሽ መቀመጫውን በአንድ ብሎን ብቻ እሰሩና ተራ በተራ ሞክሩ። ብሎኑ ጠብቆ መቀመጫው ከተነቃነቀ ብሎኑ ረዝሟል። ስትመልሱት ቀዳዳዎቹንና መገናኛውን በአልኮል ወይም በአሴቶን ከዘይት አጽዱ፤ በመቀመጫው ብሎኖች ላይ ከሚፈታው ዓይነት ሎክታይት፣ ማለትም ሰማያዊውን፣ አንድ ጠብታ አድርጉ፤ አምራቹ ባዘዘው ቶርክ አጥብቁ። በቀለበቶቹ የላይ ብሎኖች ላይ ሎክታይት አታድርጉ፤ ጥርሱን ስለሚያለሰልሰው በዚያው ቶርክ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

አቅጣጫውም ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። የመነጽሩ ፊት ወደ ላይና ወደ ግራ ከሄደ፣ እኛ መነጽሩን ወደ ዒላማው ስንመልስ በርሜሉ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ያያል። ወረቀቱ ላይ የነበረውም ይኸው ነው።

የእናንተ ጥፋት መቀመጫው ላይ ካልተገኘ ወደ ታች ውረዱ። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ሁለት ወይም ሦስት ትላልቅ ብሎኖች ሲላሉ ጠብመንጃው በተተኮሰ ቁጥር አዲስ ቦታ ይቀመጣል። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ከደረቅ ቤት ወጥቶ ሁለት ቀን ዝናብና በረዶ የመታው የእንጨት ሰደፍ ፊቱ ጎብጦ በርሜሉን ሊገፋው ይችላል። አንድ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። በርሜሉ ነጻ እንዲሆን የተሠራ ከሆነና ወረቀቱ መሐል ላይ ከተያዘ የሚነካው ቦታ ያ ነው። የአፈሙዙን ጠርዝም በጥሩ ብርሃን እዩት፤ አንዲት ጭረት በቂ ናት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አሁን መነጽሩን መጠርጠር ይቻላል። ብርሃን ወዳለበት አዙራችሁ ወደ ውስጡ ተመልከቱ፤ የውስጥ ጉም ካለ ማሸጊያው አልፏል፣ ናይትሮጂኑም ወጥቷል። ከዚያ ጠብመንጃውን እንዳይነቃነቅ አስራችሁ፣ መቀባበያው ወጥቶ ሳለ፣ በ100 ሜትር ላይ ሴንቲ ሜትር የተሰመረበት ትልቅ ወረቀት ተመልከቱ። በሚል የሚለካ ከሆነ 30 ጠቅታ አዙሩ፤ መስቀሉ 30 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። በሩብ ደቂቃ የሚሠራ ከሆነ 40 ጠቅታ በ100 ያርድ ላይ 26.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ያዞራችሁትን ያህል ጠቅታ መልሱ፤ ልክ መነሻው ላይ ካልደረሰ፣ ወይም በካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ ማስተካከያውን ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ያን ጊዜ ከዘለለ፣ ውስጡ ያለው ምንጭ ደክሟል። ማስተካከያው የመጨረሻው ጫፍ አካባቢ ላይ ደርሶ ከሆነም ቱቦው በዚያ ዳር ላይ በደንብ አይያዝም፤ መፍትሔው መቀመጫውን ማቃናት ነው።

ፓራላክስንም አትርሱ። መነጽሩ ሳይነካ ጭንቅላታችሁን ብቻ ግራ ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚንሸራሸር ከሆነ፣ ጉንጫችሁ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ጥይቱም ሌላ ቦታ ያርፋል። በጎኑ ወይም በፊቱ ማስተካከያ ካለው ርቀቱን አስተካክሉ፤ ከሌለው ጉንጫችሁን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አሳርፉ። የመጨረሻው ፈራጅ ግን ሌላ ደህና መሆኑ የታወቀ መነጽር ነው። እሱን አድርጋችሁ ተኩሱ፤ ችግሩ ከጠፋ የድሮው መነጽር ጥፋተኛ ነው፤ ካልጠፋ ሳትከስሱት ቀርታችኋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መነጽርም፣ ቀለበትም፣ ጥይትም አብሮ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የተሳካለት በምን እንደሆነ አያውቅም።

ዜሮውን ለመመለስ መቀባበያውን አውጥታችሁ በበርሜሉ ቀዳዳ አሻግራችሁ ዒላማውን መሐል አድርጉት፤ ጠብመንጃው ሳይነቃነቅ መስቀሉን እዚያው አምጡት። ከዚያ በ25 ሜትር ጀምሩ። በዚያ ርቀት የሩብ ደቂቃ ጠቅታ 1.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚገፋ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ለማምጣት 22 ጠቅታ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በ100 ሜትር አምስት፣ ቀዝቅዞ ሌላ አምስት። ከሁሉ የምወደው ፈተና ግን ይህ ነው፦ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ከቀዝቃዛ በርሜል፣ በአንድ ወረቀት ላይ አንዳንድ ጥይት ብቻ መተኮስ። በአደን ላይ የምንተኩሰው ያችኑ የመጀመሪያዋን ጥይት ነውና።

ሁለት ነገር ስለ ሕግ። በአሜሪካ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠብመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። የጓደኛ ጠብመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የስደተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ። ሌላው፣ «ለአጎቴ አንድ መነጽር በሻንጣዬ ላድርስ» የምትሉ ተጠንቀቁ። የጠብመንጃ መነጽር በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አገር ቤትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ።

መነጽሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ አትፍቱት፤ ወደ አምራቹ ላኩት። ከመላካችሁ በፊት ከቀለበቱ አውጡትና ቱቦው ላይ የጭምቅ ምልክት ካለ ፎቶ አንሡ። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የጠብመንጃውን ዓይነት፣ የጥይቱን ክብደት፣ ያጠበቃችሁበትን ቶርክ፣ ስንት ጠቅታ አዙራችሁ መስቀሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ጻፉና ከተኮሳችሁባቸው ወረቀቶች ሁለቱን እጠፉና ሣጥኑ ውስጥ ጨምሩ።